ኢኪቶስ በማለዳ አይወራም

ወደ ኢኪቶስ የምትሄዱ ከሆነ ምርጫችሁ ሁለት ብቻ ነው፤ ወይ በሰማይ ወይ በውሃ። በመኪና አይገባም፣ በእግርም አይገባም። ኢኪቶስ ፔሩ በሚባለው አገር፣ ከዛፍ በቀር ምንም በማይታይበት ጫካ መሃል የተቀመጠ ትልቅና ሞቃት ከተማ ነው። ሆስፒታል አለው፣ ገበያ አለው፣ ሙዚቃ የሚያንባርቅ ሰፈር አለው። ከሌላው ዓለም ጋር የሚያገናኘው መንገድ ግን የለውም። እኔን መጀመሪያ ያስጨነቀኝ ባጃጁ ነው። በቪዲዮ እንዳየሁት ከተማው ልክ እንደኛ ሐረር በባጃጅ ተጨናንቋል። መንገድ በሌለው ከተማ ይህ ሁሉ ባጃጅ በየት ገባ? ይህን ሳስብ ከሰዓቱ መሸብኝ። በመርከብ ተጭኖ መሆኑን የነገረችኝ ባለቤቴ ናት። ቢሆንም ልቤ አላረፈም፤ ከገቡት ባጃጆች ውስጥ አንዱም ተመልሶ እንደማይወጣ ማሰብ ጀመርኩና ሰውነቴን ቀፈፈኝ።

ፈረስ መጋላ ላይ ፎቶ ኮፒ የማነሳባትና ለሰው ማመልከቻ የምጽፍባት ጠባብ ሱቅ አለችኝ። ሥራዬ ይኸው ቢሆንም ሰዎች የሚፈልጉኝ ለመንገድ ነው። ጂዳ በየት በኩል ይሻላል? ቶሮንቶ ምን ዓይነት ጃኬት ያስፈልጋል? ትራንዚት ላይ የሚያድር ሰው የት ጋ ይተኛል? ሁሉንም እመልሳለሁ። እኔ ራሴ ከአዲስ አበባ አልፌ አላውቅም፤ እሱንም ቢሆን አውቶቡሱ አዋሽ ላይ ጥሎኝ እንዳይሄድ ፈርቼ ከወንበሬ ሳልነሳ ነው የደረስኩት። ነገር ግን “አላውቅም” የሚል ቃል ከአፌ አይወጣም። መንገድ ሊጠይቀኝ ለመጣ ሰው ያለውን አማራጭ ሁሉ ካልዘረዘርኩለት ያታለልኩት ይመስለኛል። ባለቤቴ “አንተ የሰማኸውን ሁሉ ካልተናገርክ ያንቅሃል” ትላለች። እውነቷን ነው።

ይህ ሁሉ የመጣው በአዴ ሙሉካ ምክንያት ነው። አዴ ሙሉካ ጀጎል ውስጥ፣ ከሱቄ ብዙ በማይርቅ ጠባብ መተላለፊያ የሚኖሩ፣ ስፌት እየሰፉ የሚሸጡ የሐረሪ እናት ናቸው። እናት የምላቸው በዕድሜያቸው እንጂ ልጅ አልወለዱም። እናታቸው ሲሞቱ ታናሽ ወንድማቸውን ነስሩን ተረክበው አሳደጉ፤ ለእሱ ሲሉ ሳያገቡ ቆዩ፣ ሲቆዩም ሳያገቡ ቀሩ። ነስሩ ገና ልጅ ሳለ በደርግ ጊዜ ለትምህርት ወደ ኩባ ተላከ። ከኩባ ፔሩ ሄደ፣ ከፔሩም መርጦ መንገድ የሌለበት ከተማ ገባ፤ እዚያው የወንዝ ውሃ ከፍታ የሚለካ ባለሙያ ሆኖ ቀረ። ከዚያን ጊዜ ወዲህ እህትና ወንድም በዓይን አልተያዩም።

እሱ በየዓመቱ “በሚቀጥለው ዓመት እመጣለሁ” ይላል። አንድ ጊዜ ሥራ ይይዘዋል፣ አንድ ጊዜ ልጅ ይወለድለታል፣ አንድ ጊዜ ወንዙ ይሞላል፣ አንድ ጊዜ ወንዙ ይጎድላል። እሳቸውም በየዓመቱ “ኢንሻአላህ እኔው እሄዳለሁ” ይላሉ፤ ከዚያ ጉልበታቸው ያማቸዋል። ዘንድሮ ግን ሐኪሙ የደም ግፊታቸውን ለክቶ “የሚሄዱ ከሆነ አሁን ይሂዱ፣ ከዚህ በኋላ አልፈቅድልዎትም” አላቸው። ነስሩ ይህን ሲሰማ ደንግጦ ቪዛውንም ቲኬቱንም አሟላና የሁለቱን መልእክት በስልኬ የማመላልሰው እኔ ስለሆንኩ “አንተ ብቻ እሺ አሰኝልኝ” ብሎ ጻፈልኝ። እሺ ካላሉ ሳይተያዩ ሊቀሩ ነው። ነገሩ እንዲህ የከበደ ስለነበር በሙሉ ልቤ ገባሁበት፤ እኔ በሙሉ ልቤ የገባሁበት ነገር ደግሞ ምን እንደሚሆን የሚያውቅ ያውቃል።

መጀመሪያ ተማርኩ። ሱቄ ውስጥ ተቀምጬ ስለ ኢኪቶስ የተባለውን ሁሉ አነበብኩ፣ ቪዲዮ አየሁ። ከአዲስ አበባ ብራዚል፣ ከብራዚል ሊማ፣ ከሊማ በትንሽ አውሮፕላን ጫካውን ተሻግሮ መውረድ አንዱ መንገድ ነው። ሁለተኛው በወንዝ ነው። መርከቡ አልጋ የለውም። ተሳፋሪው ሁለት ጫፉ ከጣሪያው ጋር የታሰረ ጨርቅ ውስጥ ይተኛል፤ ሐማክ ይሉታል። አንዱ ቪዲዮ ላይ ያየሁት እስካሁን አልለቀቀኝም። ወንዙ ከመስፋቱ የተነሳ የሚንቀሳቀስ አይመስልም። የሚቀርጸው ሰው በሐማኮቹ መሃል ቀስ ብሎ ይሄዳል። ሰዎቹ ራስና እግር እየሆኑ፣ እስከ አገጫቸው ተሸፍነው፣ ጎን ለጎን ተንጠልጥለዋል። ማንም አይናገርም። መጨረሻ ላይ አንዲት ሴትዮ ዓይኗን ገልጣ በቀጥታ ወደ እኔ አየች። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ደፋሁት፤ ከዚያ በኋላ የመጣውን ደንበኛ ፎቶ ኮፒ ሁለት ጊዜ አበላሸሁበት።

አዴ ሙሉካ ሰማዩንም ውሃውንም እኩል ይፈራሉ፤ ከድሬዳዋ ወዲያ አልሄዱም። ስለዚህ ምስክር ያስፈልጋል ብዬ አሰብኩ። ለሰማዩ ሐጂ ጀማልን መረጥኩ፤ መካ ደርሰው የመጡ፣ ጀጎል የሚያከብራቸው ሽማግሌ ናቸው። ለውሃው የእኔን ጎረቤት ጋሽ ታደሰን መረጥኩ፤ በወጣትነታቸው ምጽዋ ላይ ባሕረኛ ነበሩ፤ ከዚያ ወዲህ ውሃ ያዩት በባልዲ ቢሆንም ወሬያቸው አልደረቀም። ሁለቱንም “ዋናውን ነገር እስክጀምረው ዝም በሉ፤ እኔ ቀስ ብዬ ነው የምነግራቸው” ብዬ አስጠነቀቅኳቸው።

ቀጥሎ ሰዓቱ። ሐጂ ጀማል የሚመቻቸው ከሱብሂ ሶላት በኋላ ነው፤ ከዚያ ሱቃቸው ይገባሉ። አዴ ሙሉካም ማልደው ገበያ ይወጣሉ። እንግዲህ በማለዳ ነው ማለት ነው። ከአዴ ሙሉካ ግድግዳ የምትጋራ ዘይቱና የምትባል ጎረቤት አለች፤ ሱቄ ስትመጣ “ነገ ጠዋት አዴ ሙሉካ ከቤት እንዳይወጡ አድርጊልኝ” አልኳት።

“ለምን?”

“የነስሩ ጉዳይ ነው። አሁን ግን እንዳትነግሪያቸው፤ ሽማግሌ ይዤ መጥቼ ራሴ እነግራቸዋለሁ።”

ዘይቱና አፏን በሻሿ ከድና አየችኝ። እኔ አክብሮት መሰለኝ።

እናንተ አሁን ገብቷችኋል። በዚህች አገር በማለዳ፣ ሽማግሌ አስከትሎ፣ የሩቅ ሰው ስም ይዞ ቤት የሚገባ ምን እንደሚያመጣ ሕፃን ልጅም ያውቃል። እኔም አውቅ ነበር፤ የአክስቴን ባል መርዶ ያረዳሁት እኔ ነኝ። ግን የኢኪቶስ አማራጮች አእምሮዬን ሞልተውት ለሌላ እውቀት ቦታ አልተረፈም።

ጠዋት በሸዋ በር ገባን። ጉም ወርዶ ነበር። ጀጎል በጉም ቀን ሌላ አገር ይሆናል፤ ነጭ ግንብ ከነጭ አየር ጋር ይቀላቀልና ግድግዳው የት እንደሚያልቅ አይታይም። ሐጂ ጀማል ከላይ እስከ ታች ነጭ ለብሰዋል። እኔ ግራጫው ጃኬቴ ታጥቦ ስላልደረቀ ጥቁሩን ነው የደረብኩት። የጋሽ ታደሰ ግራ ዓይን ብርድ ሲነካው ያለቅሳል፤ መሐረባቸውን ይዘው በየጥቂት እርምጃው ይጠርጋሉ። ዝም በሉ ስላልኳቸው ሁለቱም ትንፍሽ አላሉም። የሚሰማው የእግራችን ኮቴ ብቻ ነው፤ ግንቡ መልሶ ሲያሰማን ከኋላችን ሌሎች ሰዎች የሚከተሉን ይመስል ነበር። ሁለት ጊዜ ዞሬ አየሁ።

አንድ በር ገርበብ ብሎ ተከፈተና ተዘጋ። ሌላም እንዲሁ። መታጠፊያው ላይ ዘንቢል የተሸከሙ አሮጊት አገኘን፤ ገና ሲያዩን ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ቆሙ። “ሰላም አደሩ?” አልኩ። አልመለሱም። ካለፍናቸው በኋላ ከጀርባችን “ያ አላህ፣ የማንን ቤት ይሆን?” ሲሉ ሰማሁ። የዚያን ጊዜ እንኳ ባልነቃ ምን ትሉኛላችሁ? መንገድ የጠፋን መስሏቸው ነው ብዬ አለፍኩ።

አዴ ሙሉካ ቤት በሩ ክፍት ነበር። ዘይቱና ውሃ በጆግ ይዛ በሩ ጥግ ቆማለች። አዴ ሙሉካ መሃል ቤት ቆመው ነበር፤ ሦስታችንን በተራ አዩን፤ ነጩን፣ ጥቁሩን፣ መሐረቡን። ሳንነግራቸው ቀይ አፈር በተቀባው መደብ ጫፍ ላይ ቀስ ብለው ተቀመጡ። አሁን ሳስበው ለእሳቸው ነገሩ እዚያ ላይ አልቆ ነበር። እኔ ከዚያ በኋላ የተናገርኩት ሁሉ ተጨማሪ ነው።

“አዴ፣ ቁርስ በልተዋል?” አልኳቸው።

“ምነው?”

“የግፊት መድኃኒትዎንስ ወስደዋል?” መንገዱን ሲሰሙ እንዳይደነግጡ ብዬ ነው።

“ወስጃለሁ” አሉ በቀጭን ድምፅ። “ተናገር ልጄ።”

“ስለ ነስሩ ነው የመጣነው።”

ጋሽ ታደሰ ዓይናቸውን ጠረጉ።

ቀስ ብዬ ጀመርኩ። “አዴ፣ ነስሩ ያለበት አገር መንገድ የለውም። ማንም በእግሩ የሚደርስበት አይደለም። ግን የተመቸው ቦታ ነው። ዛፍ ነው፣ ጥላ ነው፣ ፍራፍሬ ነው። ከሥሩ ወንዝ ይፈሳል።” ሐጂ ጀማል ሳያስቡት “ሱብሐነላህ” አሉ። እኔ ረዱኝ ብዬ ደስ አለኝና ቀጠልኩ። እዚያ ዕቃ አያስፈልግም፣ ሁሉም ተዘጋጅቷል አልኩ። ወርቅ ከዚሁ ትቶ መሄድ ነው አልኩ። ቀለል ያለ ነጭ ነገር መልበስ ይሻላል፣ ለትንኙ ጥሩ ነው ልል ስል ትንኙን ፈርተው እምቢ እንዳይሉ ብዬ ትንኙን ተውኩት። ከዚያ ስለ ሐማኩ አስረዳሁ፤ ሰው በጨርቅ ተጠቅልሎ፣ ተንጠልጥሎ፣ ሳይደክም፣ በውሃው ላይ እንደሚወሰድ።

አዴ ሙሉካ አንገታቸውን ደፉ። ሻሻቸውን ወደ ግንባራቸው ሳቡ።

“ተሰቃየ?” አሉ።

ነስሩ መጀመሪያ ወደዚያ ሲገባ በመርከቡ መታመሙን ነግሮኝ ነበር። “መጀመሪያ ትንሽ” አልኩ በሐቀኝነት። “ከዚያ ግን አረፈ።”

“ማን ነበር አጠገቡ?”

“ሚስቱም ልጆቹም፣ ሁሉም አብረውት ነበሩ።”

እንግዲህ ካልተዋጠላቸው በዓይናቸው ይዩት ብዬ ስልኬን አወጣሁ። ነስሩ የላከልኝ ፎቶ አለ፤ በመርከብ ላይ ሐማክ ውስጥ ተኝቶ። ትንኝ እንዳይነካው እስከ አገጩ በነጭ ጨርቅ ተሸፍኗል፣ ዓይኑ ተከድኗል፣ እጆቹ ደረቱ ላይ ናቸው። እግሩ አጠገብ ሰዎች ቆመዋል። “ይኸው፣ እንዴት እንደተመቸው አዩ!” አልኳቸው።

አዴ ሙሉካ ፎቶውን አዩት። መጮህ አልጮሁም። ጣታቸውን ነስሩ ግንባር ላይ፣ ማለትም ስልኬ ላይ አሳረፉና “ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን” አሉ። ከበሩ ጥግ ዘይቱና ጮኸች። ጆጉ ወደቀ። ከግድግዳው ወዲያም ሌላ ሴት ጮኸች፣ ከእሷም ወዲያ ሌላ፤ ጩኸቱ ከቤት ወደ ቤት እየዘለለ በጉሙ ውስጥ ራቀ። ሰዎቹ ከበራቸው ኋላ ሆነው ሲጠብቁ ነበር ማለት ነው።

ያን ጊዜ ገባኝ። ወገቤ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ የፈሰሰብኝ ያህል ገባኝ። “ኧረ አልሞተም! ደህና ነው!” ብዬ ጮህኩ።

ይህን ከማለት ዝም ብል ይሻለኝ ነበር። እንዲህ ባለ ሰዓት “ደህና ነው፣ ትንሽ አሞት ነው” የሚል ሰው ምን እያደረገ እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። አንዲት ሴት ትከሻዬን ይዛ “አይዞህ፣ አውቀውታል፤ ከእንግዲህ አትጨነቅ” አለችኝ። ሐጂ ጀማል ክንዴን ያዙና በጆሮዬ “አንተ ሰውዬ፣ ለዚህ መሆኑን በመንገድ ላይ ብትነግረኝ ምን ነበረበት?” አሉኝ።

“ሐጂ፣ ለጉዞው ነው እኮ ያመጣሁዎት!”

“ያው የሁላችንም ጉዞ ነው” አሉና ዱዓ ጀመሩ።

“አቦ፣ እኔንማ ስለ መርከብ ታወራለህ ብሎ ነው ያታለለኝ” አሉ ጋሽ ታደሰ። አሁን ሁለቱም ዓይናቸው ያለቅስ ነበር።

ወዲያው አፎቻው ደረሰ። አፎቻ ማለት የሐረሪዎች እድር ነው፤ ለሠርግም ለሐዘንም አብሮ የሚነሳ። ሴቶቹ ገብተው ከግድግዳው ላይ ያጌጠውን ስፌት አወረዱ፣ ምንጣፉን ጠቀለሉ፤ ያ ያሸበረቀ ቤት ዓይኔ እያየ ራቁቱን ቀረ። አዴ ሙሉካን ወደ ጓዳ አስገቧቸው። በመሃላቸው ሳልፍ ሁሉም መንገድ ይለቁልኛል፤ መርዶ ነጋሪ ነኝና።

ሮጬ ወጣሁ፤ ነስሩን በስልክ ማግኘት አለብኝ። ነስሩ ግን ወንዙን ሊለካ ወደ ላይ እንደሚወጣና ስልክ ላይሠራ እንደሚችል አስቀድሞ ጽፎልኝ ነበር። ደወልኩ። አንዲት ሴትዮ በማላውቀው ቋንቋ በለስላሳ ድምፅ አንድ ነገር ትናገራለች፣ ትዘጋለች። ደግሜ ደወልኩ፤ ያው ሴትዮ፣ ያው ልስላሴ። ይህን እያደረግኩ ስሄድ ልጅ ሆኜ ስሯሯጥበት የነበረው መተላለፊያ ጠፋኝ። ጉሙ አልተነሳም። በቀኝ ስታጠፍ ያው አረንጓዴ በር፣ በግራ ስታጠፍ ያው አረንጓዴ በር። መንገድ ለዓለም የምነግረው ሰውዬ ጀጎል ውስጥ ፈረስ መጋላን አጣሁት። አንድ ሰው ከጉሙ ወጥቶ “ነስሩ ነው አሉ?” አለኝ፤ አላውቀውም። “አላህ ይዘንለት” ሲለኝ፣ እኔ ክርስቲያኑ፣ ሳላስበው “አሜን” አልኩ።

እንዴት እንደሆነ ሳላውቅ ሱቄ ደረስኩና ፎቶውን አወጣሁት። አሰፋሁት። አዎ፣ ተኝቷል። ግን የተኛ ሰው እጁን እንዲህ አድርጎ ደረቱ ላይ ያስቀምጣል? ቆመው የሚያዩት ሰዎችስ ምን ይፈልጋሉ? ደረቱ ከፍ ዝቅ ይል እንደሆነ ፎቶው ላይ ፈለግሁ፤ ይህን ማድረጌን ያወቅሁት ቆይቼ ነው። ለባለቤቴ ደወልኩና ነገርኳት። ትስቃለች ብዬ ነበር። አልሳቀችም።

“አንተ፣ ፎቶውን የላከልህ ራሱ ነው?” አለችኝ።

“ከስልኩ ነው የመጣው።”

“ከስልኩማ ማንም ይልካል። ተኝቶ ሳለ ፎቶውን ያነሳው ማን ነው?”

ምናልባት የእውነት መርዶ አምጥቼ ይሆናል አልኩ። ምናልባት ሚስቱ አማርኛ ስለማታውቅ በፎቶ ነገረችኝ፣ እኔ ደንቆሮው አልገባኝም። ያሳደጉትን ወንድም “እንዴት እንደተመቸው አዩ” ብዬ አሳየኋቸው ማለት ነው። ሱቄ ውስጥ ብቻዬን ተቀምጬ አለቀስኩ፤ በዓይን አይቼው ለማላውቅ ሰው።

ተመልሼ ወደ ለቅሶው ቤት ሄድኩ። ቤቱ ጢም ብሏል። አንዷ ነስሩን ውሃ መሃል ቆሞ በሕልሟ እንዳየችው ትናገራለች፤ ሌላዋ እሷም አይታዋለች፣ የእሷው ነስሩ ግን ነጭ ለብሷል። ልክ እዚያ ላይ ስልኬ ጮኸ። በምስል ነው የሚደወለው። ነስሩ።

እኔ ለመንካት ስላልደፈርኩ የነካው የሐጂ ጀማል ጣት ነው። ስክሪኑ ጨለመ፣ ከዚያ ፊት መጣ። ሽበታም፣ ጥቁር፣ ከላይ በሆነ ብርሃን ዓይኑ ጉድጓድ የገባ ፊት፤ አፉን እንደከፈተ ቀጥ ብሎ ቆመ። ሴቶቹ ወደ ኋላ ሸሹ። ከዚያ ድምፁ ከከንፈሩ ቀድሞ መጣ። ሐረሪኛ ነው የሚናገረው፤ እኔም ጀጎል በር ስላደግኩ እሰማለሁ። ግን ይህ ሽበታም ሰው የሚናገረው የልጅ ሐረሪኛ ነበር። ከእህቱ ሲለይ የነበረውን ቋንቋ ሳያሳድገው እዚያው ጫካ ውስጥ አስቀምጦታል። ሽማግሌው ፊት በልጅ አነጋገር “ምን ሆናችሁ? ለምን ተሰበሰባችሁ? እህቴስ?” አለ።

ዘይቱና ወደ ጓዳ ሮጠች። ሌሎቻችን ተያየን። ለአንድ ሰው “አንተን እያለቀስን ነው” ተብሎ እንዴት ይነገራል? ደግሞስ ሐዘን በስልክ ይነገራል? ነውር ነው። ሐጂ ጀማል ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

“ምንም የለም ልጄ” አሉ በለሰለሰ ድምፅ። “ሁሉም ደህና ነው። አንተ ብቻ ሰብር አድርግ፤ በርታ።”

ነስሩ የተጠቀለለውን ምንጣፍ አየ፤ ባዶውን ግድግዳ አየ፤ ሻሽ የሸፈኑትን ሴቶች አየ፤ እህቱን አላየም። ፊቱ ተለወጠ። መስመሩ ተቋረጠ።

አዴ ሙሉካ ከጓዳ ደግፈዋቸው ሲደርሱ የቀረው ጥቁር ስክሪን ነበር። “ወላሂ አየነው፣ በሕይወት አለ!” አልናቸው፤ አንዱ በአንዱ ላይ እየጮኸ። እሳቸው ሁላችንንም በርኅራኄ አዩን። “አላህ ይስጣችሁ፤ ልታጽናኑኝ ነው፤ አውቃለሁ” ብለው ተመልሰው ጓዳ ገቡ። ከአልቃሾቹም አንዳንዶቹ ቪዲዮው የድሮ ነው ማለት ጀመሩ።

እኔ ወዲያው ለነስሩ “እህትህ ደህና ናቸው” ብዬ ጻፍኩለት። መልእክቱ አልደረሰውም፤ አንድ ጭረት ብቻ። ቤት ገብቼ ይህን ለባለቤቴ ስነግራት ምጣድ ላይ ያለውን ትታ ዞረችብኝ። “ደህና ናቸው ብለህ ጻፍክ? በል እንግዲህ ጨረስካቸው!” አለችኝ።

ቀናት አለፉ። ጭረቱ አንድ እንደሆነ ቀረ። አዴ ሙሉካ ከጓዳ አልወጡም፤ ምግብ ሲያቀርቡላቸው “ለእሱ ትንሽ አስቀሩለት” ይላሉ አሉ። ግፊታቸው ከፍ አለ። ሐኪሙ እንኳን ኢኪቶስ ድሬዳዋም አይታሰብም አለ። እኔ ሱቄን ከፍቼ እቀመጣለሁ እንጂ መንገድ የሚጠይቀኝ ሰው ጠፋ፤ በበሩ የሚያልፉት ሰዎች እርምጃቸውን ፈጠን ያደርጋሉ። ሳላስበው ሰውን ከወንድሙ አቆራርጬ አረፍኩት። እነሱን ላገናኝ ገብቼ እያንዳንዳቸውን ለየብቻ ቀብሬያቸዋለሁ፤ ይህ ነው ሲያብከነክነኝ የከረመው።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ካፊያ እየጣለ፣ የሱቄ በር ጨለመ። ቀና ስል ያ ፊት ቆሟል። ሽበቱ ያው፣ የዓይኑ ጉድጓድ ያው። የዝናብ ልብስ ለብሷል፣ የጎማ ቦት ጫማ ተጫምቷል፣ ከላዩ የረጋ ውሃ ሽታ ይመጣል። ወንበሬ ከእኔ ጋር ወደ ኋላ ወደቀ።

“የት ነው የቀበራችኋት?” አለኝ በልጅ ሐረሪኛ።

“ነስሩ? አልሞቱም! እህትህ በሕይወት አሉ!”

ጭንቅላቱን ቀስ ብሎ ነቀነቀ፤ እንባው ወረደ። “አውቃለሁ። እንዲህ ነው የሚባለው” አለ። “አባታችን የሞተ ጊዜም እንዲህ ነው ያሉኝ።” በስልክ ያየው ልቅሶ በቅቶታል። ከወንዙ ሳይመለስ በጀልባ፣ ከጀልባ በአውሮፕላን፣ ደግሞ በሌላ አውሮፕላን፣ ከድሬዳዋ በሚኒባስ፣ ስልኩን ሳይከፍት፣ ማንንም ምክር ሳይጠይቅ መጥቷል። እህቱን በሕይወት ለማየት ያልተገኘው ጊዜ ለለቅሶ ተገኘ።

ክንዱን ይዤ መራሁት። የሚያውቁን ሲያዩን ግድግዳ ላይ ይለጠፋሉ። አንዱ ጫቱን ጥሎ ሮጠ። ሌላው ድምፁን ከፍ አድርጎ ቁርአን ቀራ። ነስሩ ይህን ሁሉ ለእህቱ የተደረገ ክብር መስሎት እያንዳንዱን በእጅ ያመሰግናል፣ እነሱም እጁ ወደነሱ በተዘረጋ ቁጥር ይበልጥ ይሸሻሉ።

አዴ ሙሉካ በዚያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ከጓዳ ወጥተው መደቡ ላይ ተቀምጠው ነበር። ዘይቱና አጠገባቸው ናት። ነስሩ ከደጁ ብርሃን ፊት ቆመ። ዘይቱና ተንሸራታ ከመደቡ ጥግ ተሸጎጠች። እህትና ወንድም ተያዩ። አንዳቸውም አልተንቀሳቀሱም፣ አንዳቸውም አልጮሁም።

“ጫማህን አውልቅ” አሉ አዴ ሙሉካ።

ሐረሪ ቤት ያለ ጫማ ነው የሚገባው፤ የቤቱን ሥርዓት ማስታወሳቸው መሰለኝ። ኋላ ግን ዓይናቸውን ሳይ ፊቱን ሳይሆን እግሩን ነው የሚያዩት። ሰው መስሎ የሚመጣውን ነገር የሚያጋልጠው እግሩ ነው ሲባል ልጅ ሆነን ያልሰማን የለንም። ነስሩ ግድግዳ ተደግፎ አንዱን ቦት አወለቀ፣ ሁለተኛውንም አወለቀ። እርጥብ ካልሲውንም ጎትቶ ጣለው። በዚያ ቀይ አፈር ላይ ነጣ ብለው፣ ከውሃ ብዛት ተሸብሽበው፣ ሁለት እግሮች ቆሙ። አዴ ሙሉካ ከመደቡ ወርደው ተንበረከኩ። ጣቶቹን አንድ በአንድ ጨመቁ፣ ተረከዙን ዳሰሱ።

“የሰው ነው” አሉ ለራሳቸው።

ነስሩ ከላይ ሆኖ የእህቱን ሻሽ እያየ ነበር። “አንቺስ?” አለ።

አዴ ሙሉካ ቀና ብለው አዩት። ከዚያ መደቡን ተደግፈው እዚያው መሬት ላይ ተቀመጡ፤ ቀሚሳቸውን ሰብሰብ አድርገው ያበጡትን እግሮቻቸውን ዘረጉለት። ወንድማቸው ተቀምጦ ሁለቱንም በጭኑ ላይ አደረጋቸውና እስኪሞቁ ድረስ ያዛቸው።